ለችግኝና ለዶቃ ሥራ የገዛኋቸው ዕቃዎች፦ የጠቀሙኝና ገንዘቤን የበሉት

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ የሚገባውን መንገድ ለብዙ ዓመታት በተሳቢ መኪና ተመላልሼበታለሁ። ከመሪው ያወረደኝ የመኪና አደጋ አይደለም፤ ወገቤ ነው። የአከርካሪ ዲስክ ተንሸራትቷል ተባልኩ። ሕመሙ ከዳሌዬ ተነስቶ እስከ ግራ ተረከዜ እየነዘረኝ፣ መተኛትም መቀመጥም አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ሕክምናው ረጅም ነበር፤ እሱን እዘለዋለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሦስት ነገር ከለከለኝ። "ከባድ ዕቃ አያንሱ፣ ጎንበስ ብለው አይሥሩ፣ አንድ ቦታ ለረጅም ሰዓት አይቀመጡ" አለኝ። "ታዲያ ምን ልሥራ?" ስለው "ቀለል ያለ የእጅ ሥራ ይፈልጉ" ብሎ ካርዴን ዘጋው።

ቀለል ያለ የእጅ ሥራ ለሾፌር እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። የእኔ ጣት የለመደው የጎማ መፍቻና የጭነት ገመድ ነው። ቤት መዋል ራሱ ሌላ በሽታ ሊሆንብኝ ሲል በግቢያችን ጥግ ችግኝ ማፍላት ጀመርኩ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ልጄ ጀምራ የተወችውን የዶቃ ሥራ አነሳሁ። ዛሬ ሁለቱም የቀን ውሎዬ ናቸው። ከሁለቱም የተረዳሁት ግን ጀማሪን ከሥራው ይልቅ የዕቃ ግዢው እንደሚያደክመው ነው። ጡረታ የወጣ፣ ታሞ ቤት የዋለ፣ ወይም ከሥራ መልስ እጁን የሚያፍታታበት ነገር የሚፈልግ ሰው እኔ ያወጣሁትን ገንዘብ መልሶ እንዳያወጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የገዛሁት ትልቁን የቆርቆሮ ውሃ ማጠጫ ነው። 10 ሊትር ይይዛል፤ 10 ሊትር ውሃ ማለት ደግሞ የጣሳው ክብደት ሳይቆጠር 10 ኪሎ ነው። "ከባድ ዕቃ አያንሱ" የተባልኩት ሰውዬ በየጠዋቱ ያንን ተሸክሜ ስንገዳገድ ባለቤቴ አይታ "አንተ ሰው፣ መኪናውን ትተህ ቦቴውን ራስህ ልትሆን ነው?" አለችኝ። ክብደቱ ብቻ አልነበረም ችግሩ። አፉ ላይ ያለው ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ውሃው በኃይል ይወርዳል። የዘራሁት የሰላጣ ዘር በሙሉ ታጥቦ ወደ ሣጥኑ አንድ ጥግ ሄደ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥጉ ላይ ብቻ ጢቅ ብሎ በቀለ፣ የቀረው ሣጥን ባዶውን ቀረ።

አሁን የምጠቀመው ባለ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን በእሳት በጋለ የልብስ መርፌ በሳሳሁት፤ ጠርሙሱን ጨመቅ ሳደርገው ውሃው በቀጭኑ ይረጫል። ከዚያም የሚሻለው ከሥር ማጠጣት ነው። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አደርግና ሥሩ የተበሳሳውን የችግኝ ሣጥን አስቀምጥበታለሁ። አፈሩ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ይስበዋል። ላይኛው ገጽ ከዳር ወደ መሃል እየጠቆረ ሲመጣ ይታያል፤ መሃሉ ሲጠቁር አወጣዋለሁ። ዘሩ ካለበት አይነቃነቅም፣ ቅጠል አይረጥብም፣ ወገብም አይታጠፍም።

ሁለተኛው ገንዘብ የሄደው በችግኝ ትሪ ነው። ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት፣ ከውጭ የመጣ፣ ሲያዩት የሚያምር ስስ ፕላስቲክ። ጉድጓዶቹ የሚይዙት አፈር ጥቂት ስለሆነ በኮምቦልቻ ፀሐይ ጠዋት ያጠጣሁት ከሰዓት በኋላ አፈሩ ከጠርዙ ይላቀቃል። ፕላስቲኩም በሁለተኛው ዙር ተሰነጣጠቀ። ትሪ መግዛት ካለባችሁ በሁለት እጃችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ከተንጣጣ ተዉት። ለቤት ግን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ ተከፍሎ፣ ሥሩ ተበስቶ ከማንኛውም ትሪ የተሻለ ሆኖልኛል። ጠለቅ ያለ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፣ መያዣ እጀታም አለው። ሣጥኖቼ ሁሉ ያሉት የጓሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቁመቱ እምብርቴ ድረስ እንዲሆን አናጺው ከእግሩ ላይ ጨምሮበታል። ወገቡን የሚያመው ሰው ካለ፣ ዶማና አካፋ ከመግዛቱ በፊት ለዚህ ጠረጴዛ ገንዘብ ያስቀምጥ።

አፈሩን የማዘጋጀው በሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ነው። እዚህ ላይ ዋናው መሣሪያ ወንፊት ነው። የዱቄት ወንፊት ሞከርኩ፤ አፈሩ በጣም ልሞ ውሃ ሲነካው ይጋገራል፣ ቡቃያው ቅርፊቱን መስበር ያቅተዋል። የግንበኞች የአሸዋ ወንፊት ደግሞ ጠጠሩን ሁሉ ያሳልፋል። ልክ የሚሆነው ምስር የሚያሳልፍ፣ ሽምብራ የማያሳልፍ የሽቦ መረብ ነው። ብረታ ብረት ሱቅ ስትሄዱ ከቤት ትንሽ ምስርና ሽምብራ ቋጥራችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ይስቅባችሁ ይሆናል፣ ግን በሚሊሜትር ከመከራከር ይሻላል።

ልቤን የሰበረው የችግኙ ሞት ነው። ማታ ለምለም የነበረ የቲማቲም ቡቃያ ጠዋት ስመጣ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ በክር የታነቀ ያህል ቀጥኖ፣ ውሃ ቋጥሮ ተጋድሟል። በማግሥቱ አጠገቡ ያለው፣ በሦስተኛው ቀን ሣጥኑ በሙሉ። ሮጬ ፀረ ተባይ ገዛሁ፤ ምንም አልረዳኝም። በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ እንዳስረዳኝ ገዳዩ ነፍሳት አይደለም፤ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ አፈርና እርጥበት ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ናቸው። እኔ ደግሞ ዘሩን አጠጋግቼ ዘርቼ፣ ማታ ማታ እያጠጣሁ፣ ከበቀለም በኋላ በላስቲክ ሸፍኜ አመቻችቼላቸዋለሁ። አሁን አፈሩ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሼበት ሳይዘራ ቀዝቅዞ እንዲያድር አደርጋለሁ። ሣጥኖቹን በአንድ እጅ በረኪና ዘጠኝ እጅ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ ከዚያም አለቀልቃለሁ። ላስቲኩ የሚቆየው የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ እስኪል ብቻ ነው። የማጠጣው ጠዋት ነው። እስካሁን ከገዛኋቸው መድኃኒቶች ሁሉ የበረኪናውን ያህል የሠራ የለም፤ እሱም ለልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የነበረ ነው።

አሁን ወደ ጣቴ ልምጣ። የበሶብላ ዘር አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ነቁጥ ነው። የሚብሰው ደግሞ እርጥበት ሲነካው በዙሪያው እንደ ተልባ ልጋግ ያወጣል። በረጠበ እጄ ቆንጥሬ ስዘራ ግማሹ አውራ ጣቴ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ግማሹ በጅምላ አንድ ጉድጓድ ይገባል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ የፕላስቲክ ዘር መዝሪያ አለ፤ ገዝቼው ነበር፣ ቀዳዳው በትንሽ አቧራ ይደፈናል። መፍትሔው የታጠፈ ደብዳቤ ወረቀት ሆነ። ዘሩን እጥፋቱ ውስጥ አድርጎ ወረቀቱን በጣት ቀስ እያሉ መታ መታ ሲያደርጉት ዘሩ አንድ በአንድ ይንከባለላል። ለበሶብላ ወረቀቱም እጅም ደረቅ ይሁን። ለቲማቲምና ለቃሪያ ደግሞ ጫፉ የሾለ የክብሪት እንጨት ውሃ አስነክታችሁ ዘሩን ብትነኩት ይነሳላችኋል፤ አፈሩን ሲነካ ይለቃል። ካሮትን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ነው፤ እሱን ደግሞ መዛወር ስለማይወድ በቀጥታ ቦታው ላይ ዝሩት።

ጥልቀት መለኪያዬ እርሳስ ነው። የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል መቅበር በቂ ነው፤ በእርሳሱ ላይ በቢላዋ ምልክት አድርጌ በዚያው ልክ አፈሩን እበሳለሁ። ሰላጣ ብርሃን ስለሚወድ ከላዩ ብናኝ አፈር ብቻ ነው የሚነሰነስበት።

ታላቅ እህቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ትኖራለች። ከአንድ ከረጢት የቃሪያ ዘር ከፍዬ ሰጠኋት። የእኔ ወጣ፤ የእሷ አፈር ሆኖ ቀረ። "ደህና ደህናውን መርጠህ ለራስህ አስቀርተህ፣ ገለባውን ነው የላክህልኝ" ብላ ስልክ ላይ ወረደችብኝ። "እትዬ፣ ባንቺ ሞት፣ ካንድ ከረጢት ነው" ብላት አላመነችም። ነገሩ ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጃኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቃሪያ በደንብ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ከ15 በታች እዚያው ተኝቶ ይበሰብሳል። እህቴ ሣጥኑን ኅዳር ወር ላይ በረንዳ አሳድራዋለች፤ በውርጭ!

ከዚያ በኋላ የገዛሁት ተራ የመስተዋት ቴርሞሜትር ነው፤ ለችግኝ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ እሱ ነው። የሕክምናውን ቴርሞሜትር እንዳትገዙ፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። አፈሩ ውስጥ ጣት ያህል አስገብቶ ጠዋትና ማታ ማየት ነው። እህቴ ቴርሞሜትሩን ቤቷ ውስጥ ይዛ ስትዞር ከማቀዝቀዣው ጀርባ በላይ ያለው መደርደሪያ ሌሊቱንም ሞቅ እንደሚል አገኘች፤ ቃሪያዋ እዚያ በቀለ። ሲበቅል ወዲያው ወደ ብርሃን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀጥኖ ይረዝማል። የእኔ ችግር ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ሰኔ ላይ ኮምቦልቻ ስትግል ሰላጣ እምቢ ይላል፤ አፈሩ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ዘሩ ያንቀላፋል። አሁን የሰላጣ ሣጥኔን ጥላ ውስጥ አድርጌ እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ፤ ወይም እህቴ እንድታፈላልኝ እልክላታለሁ። ተስማምተናል፤ ሰላጣና ጎመን ከደሴ ይወርዳል፣ ቃሪያና ቲማቲም ከኮምቦልቻ ይወጣል።

ዘር ከመግዛታችሁ በፊት፣ ወይም ከገዛችሁ በኋላ ሣጥን ሙሉ ከመዝራታችሁ በፊት፣ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ ሙቅ ቦታ አስቀምጡ። ስድስትና ሰባት ከበቀለ ዝሩት፣ ግን ጠቅጠቅ አድርጉት፤ ሁለት ከሆነ ድካማችሁን አታባክኑ። በተለይ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በላይ የቆየውን አትመኑ። ቲማቲም ግን በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትም ይቆያል። የዘር ስምና ቀን የምጽፈው ከቀለም ባልዲ በተቆረጠ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ በእርሳስ ነው። በማርከር ጽፌ ነበር፤ ፀሐይ በላውና ጎመኑና አበባ ጎመኑ ሳይለዩ አደጉ።

የዶቃው ሥራ የመጣው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ጓሮውን ሲያጨቀየው ከቤት መውጣት ቀረና፣ ልጄ ትምህርት ስትሄድ አልጋ ሥር የተወችውን ካርቶን ከፈትኩ። ጨሌ፣ የመስተዋት ዶቃ፣ የተበጠሰ ሐብል፣ አንድ ጥቅል ቀጭን የመዳብ ሽቦ። መሣሪያ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ የመኪናዬ የመፍቻ ሣጥን ነበረ። በኤሌክትሪክ ፒንሳ የጆሮ ጌጥ ለመሥራት ሞከርኩ። መንጋጋው ጥርስ ስላለው ለስላሳው ሽቦ ላይ የንክሻ ምልክት ይተዋል፤ ጌጡ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲቀርቡት ግን አይጥ የበላው ይመስላል።

ስለዚህ ሃያ ምናምን ዕቃ በአንድ ሣጥን የያዘ የጌጥ መሥሪያ ስብስብ አስመጣሁ። ከዚያ ሁሉ ዛሬ እጄ ላይ ያለው ሳጥኑ ነው፤ ዶቃ አስቀምጥበታለሁ። ፒንሳዎቹ ሲገጠሙ ጫፋቸው አይገናኝም ነበር፤ መቁረጫው ሽቦውን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል። ስብስብ አትግዙ። በዚያው ገንዘብ ሦስት ደህና ነገር ይገኛል፦ ጥርስ የሌለው ሹል ፒንሳ፣ አፈሙዙ ክብ የሆነ ሽቦ መጠቅለያ ፒንሳ፣ እና አንዱ ገጹ ጠፍጣፋ የሆነ መቁረጫ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ፈትሹ። ፒንሳውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ በጫፉ በኩል ብርሃን ካሳለፈ መልሱት። መጋጠሚያው ላይ ወዲያ ወዲህ ስታወዛውዙት ከተንቀሳቀሰ መልሱት። መቁረጫውን በልብስ ስፌት ክር ሞክሩት፣ በጫፉ ብቻ፤ ክሩን በአንድ ጊዜ ከቆረጠ ሽቦውንም ይቆርጣል። ሻጩ ሲያጉረመርም ቻሉት።

የድሮውን ፒንሳዬን ያዳነልኝ ግን ባቲ ነው። ሰኞ ገበያው ላይ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይገናኛል፤ በሾፌርነቴ ዘመን እየረገምኩ የማልፈውን ያንን ግርግር አሁን ጌጥ ለማየት ሄድኩበት። አንድ ሸምገል ያሉ የብር አንጥረኛ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የሠራሁትን የጆሮ ጌጥ ከኪሴ አውጥቼ "አባቴ፣ ሽቦው ለምንድን ነው እንዲህ የሚቆሳሰልብኝ?" አልኳቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና "ልጄ፣ ሽቦው ምን በደለህ? በጥርስህ ነክሰኸው እኮ ነው" አሉኝ። ፒንሳውን አምጣ አሉ። ከሥራ ሣጥናቸው ጠፍጣፋ ሞረድ አውጥተው የመንጋጋውን ጥርስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ ፋቁት፤ ሞረዱ ሲመለስ አያስነኩትም። የብረቱ ብናኝ ጭናቸው ላይ በተዘረጋው ቆዳ ላይ ይራገፋል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በዚያው ቆዳ ወለወሉትና የጣታቸውን ሆድ አሳለፉበት። ዋጋ ስጠይቃቸው ሻይ አሉኝ። እስከ ዛሬ የምሠራው በዚያ ፒንሳ ነው። እናንተም ቤታችሁ ያለ ፒንሳ ካለ ሞረድ ብቻ ግዙ።

ከእሳቸው ሌላም ነገር ያዝኩ። መቁረጫው አንዱ ገጹ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጠፍጣፋው ሁልጊዜ ወደ ጌጡ ይዙር፤ ሹሉ ጫፍ የሚቀረው በሚጣለው ቁራጭ ላይ ይሆናል። የማያያዣ ቀለበት ሲከፈት ጫፎቹን ወደ ጎን አይለያዩም፤ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ገፋ ነው፤ ሲመለስ ክብነቱ አይጠፋም። ቀለበቶቹንም ከመግዛት ሽቦውን በሚስማር ላይ አጠጋግቶ ጠቅልሎ አንድ በአንድ መቁረጥ ይቻላል።

ለልምምድ ሽቦ አትግዙ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጥሉት ቁራጭ ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ገመዱ ላይ 1.5 የሚለው ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ ለጆሮ ጌጥ ወፍራም ነው፣ ለአንባር ይሆናል። የኮምፒውተር መስመር መዘርጊያ ገመድ ውስጥ ያሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ናቸው፤ ዶቃ ለመጠቅለል ተስማሚ። ጆሮ ውስጥ ለሚገባው መንጠቆ 0.8 ሚሊሜትር ይመረጣል። እሱን ግን ከውዳቂ ገመድ አትሥሩት። የባለቤቴ ጓደኛ ርካሽ መንጠቆ ያደረግሁበትን ጌጥ አድርጋ ጆሮዋ አብጦ አሳከካት፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው በርካሽ ብረት ውስጥ የሚደባለቀው ኒኬል ነው። ለመንጠቆ ብር ግዙ፣ ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት። አያቶቻችሁ የተዉት የማሪያ ቴሬዛ ብር ካለ ግን አታስቀልጡት፤ ሁሉም 1780 የሚል ዓመት ስለተጻፈበት ሰው አሮጌ ነው አዲስ ነው እያለ ሲከራከር ይውላል፣ ለእናንተ ግን የቤተሰብ ዕቃ ነው።

ክር ላይ አትቆጥቡ። በዓሣ ማጥመጃ ክር የሰካሁት ሐብል አንገት ላይ አይተኛም፤ እየተጠቀለለ ይቆማል፣ ቆይቶም ይደርቅና ይሰበራል። የመስተዋት ዶቃ ቀዳዳ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ተራ ክር ይቆርጣል። ቀዳዳውን በቀጭን ክብ ሞረድ፣ ውሃ እያስነኩ፣ አለስልሱት፤ ደረቁን ከሞረዳችሁት ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ክሩ ጠንካራ የናይለን ክር ይሁን፣ ከተገኘ ሁለት ድርብ።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አንጥፉ። ዶቃ ከጨርቅ ላይ አይንከባለልም። ወረንጦ ለሁለቱም ሥራ ያገለግለኛል፤ ጠዋት የተጠጋጋ ቡቃያ ለማሳሳት፣ ማታ ዶቃ ለማንሳት። ግን ሁለት ነው ያለኝ፤ አንዱን ወረንጦ አፈር ካስነካችሁት በኋላ ነጭ ዶቃ አታንሱበት። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ማጉያ መስተዋት ከመግዛቱ በፊት ዓይኑን ይመርመር። እኔ የዶቃ ቀዳዳ የጠበበብኝ መስሎኝ መርፌ እየቀያየርኩ ቆየሁ፤ የንባብ መነጽር ሳደርግ ቀዳዳው በቦታው ነበር።

ከዲስክ ሕመም ለተረፈ ሰው የዶቃው ሥራ ከችግኙ ይልቅ አደገኛ ነው። ሥራው ያስረሳል። የስልኬን ማንቂያ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጮህ አድርጌዋለሁ፤ ሲጮህ ያለ ክርክር ተነስቼ ችግኞቼን ዞሬ አያለሁ። ሁለቱን ሥራ አብሬ መያዜ በዚህ ጠቀመኝ። የዶቃው ጠረጴዛ ደረት ድረስ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥራው ወደ ዓይን ይምጣ እንጂ አንገት ወደ ሥራው አይውረድ።

ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋይ ሳልናገር አላልፍም፤ ወሎ ተቀምጦ ጌጥ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን እጁ ላይ መግባቱ አይቀርም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ መውጣት የጀመረው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ብትከቱት እንደ ብርጭቆ ይጠራና የሚያብለጨልጨው ቀለሙ ይጠፋል፤ ቀናት ፈጅቶ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህንን ሳላውቅ የገዛሁትን ድንጋይ በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ ቀለሙ ሲጠፋ ተታለልኩ ብዬ ወደ ሻጩ ይዤው ልሄድ ነበር። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም፣ ቀለምም፣ ሙጫም ይጠጣል፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ውሃው ተነው አይወጡም። ስለዚህ ኦፓልን በሱፐር ግሉ አታጣብቁት፤ በሽቦ ወይም በብር አቀፍ አድርጋችሁ ያዙት። እሳት አታስጠጉት፤ በውስጡ ውሃ ስላለ ይሰነጠቃል። ብር መበየድ ካለ ድንጋዩ የሚገባው በመጨረሻ ነው። በብረት ወረንጦ ስታነሱት ጫፉን በጨርቅ ፕላስተር ጠቅልሉት። ለሰው ስትሸጡ ወይም ስትሰጡም፣ ዕቃ ሲታጠብና ሽቶ ሲቀባ ይውለቅ ብላችሁ ንገሩ።

በክረምት ፒንሳና ሞረድ ይዝጋሉ። መጋጠሚያቸው ላይ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደርግና በጨርቅ ጠርጌ፣ ከዶቃው ሣጥን በተለየ ጣሳ አስቀምጣቸዋለሁ። ዘይት የነካውን ጨርቅም እዚያው ጣሳ ውስጥ ነው የምተወው፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ አግኝታው የኦፓሏን ቀለበት ልትወለውልበት ስትል ነው የደረስኩት።